የበዓል ቀን ውሃ

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

«ከተሰበሰቡት 24 ናሙናዎች መካከል ስድስቱ በአካባቢው ረዳት የአያያዝ ጉድለት ምክንያት ከትንተናው ወጥተዋል። በቀሩት 18 ናሙናዎች መሠረት የዶምባ ወንዝ ውሃ ከክር ማቅለሚያው በታችም ቢሆን ለቤት አገልግሎት የሚያሰጋ ብክለት አልታየበትም።» (ገጽ 14፣ ሁለተኛው አንቀጽ)

ውድ የእህቴ ልጅ ጌዲዮን፣

ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አልጠፋኝም። አሁን በሥርዓቱ ላድርገው፦ እንዴት ሰነበትክ? የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔም፣ ቤተሰቤም፣ እናትህ ወርቂቱም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጀመርከውን ትምህርት ለመፈጸም ያብቃህ።

ከላይ የገለበጥኩት ቃል የአንተ ነው። የዶክትሬት ጥናትህን አሳጥረህ የማጣሪያ ገንዳዎቹን ግንባታ ለሚፈቅደው ኮሚቴ በአማርኛ ካቀረብከው ማጠቃለያ ላይ ነው ያገኘሁት። የደረሰኝም ከአንተ አይደለም። ኮሚቴው «ብክለት ስለሌለ የማጣሪያ ገንዳዎቹ ግንባታ አያስፈልግም» ብሎ ከጻፈልን ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ነው።

«የአካባቢው ረዳት» የተባለው ሰው ገነነ ጋሮ ይባላል። የእናትህ ወንድም ነው። በኬሚስትሪ ተመርቆ ሃያ ሰባት ዓመት በውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ሠርቷል። አንተ ስምንተኛ ክፍል ሳለህ ውሃ በሙከራ ቱቦ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየህም እሱ ነው።

ስድስቱን ናሙና የቀዳሁት ሁለት ጊዜ ወደ ጨንቻ ወጥቼ፣ በየጊዜው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከማቅለሚያው በላይ፣ ማቅለሚያው ፍሳሹን ከሚለቅበት፣ እናትህ ካለችበት መንደር። በሁለተኛው ጉዞ ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ፤ የያዝኩት በረዶ ላቦራቶሪ ከመድረሴ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለጠ። ይህን ማንም አላየብኝም። ራሴ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ያየውን የሚጽፍ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንተ የእኔን ሐቅ ወስደህ የእኔ ጥፋት አደረግከው።

ይሁን፤ ቁጥር እንቁጠር። በረዶ የቀለጠበት ሦስት ናሙና ነው። ስድስት ለምን ወጣ? በእኔ ናሙናዎች ሞልቶ የተገኘው ደግሞ ጨው ነው። ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ሸማኔዎች ጨው ይጨምራሉና ጨው የቀለሙ ምስክር ነው። ጨው በሙቀት አይራባም። ደግሞስ ውሃውን የበከለው የእኔ እጅ ከሆነ፣ ከማቅለሚያው በላይ የቀዳኋቸውን ሁለቱን ለምን ሳይበክል ተዋቸው? እነሱ እንደ ምንጭ የጠሩ ናቸው። እነሱንም ከሌሎቹ ጋር ጥለሃቸዋል።

ገንዳዎቹን ታውቃቸዋለህ። በመጀመሪያው የሽፈራው ፍሬ፣ እኛ ሃለኮ የምንለው፣ ተፈጭቶ ሲገባ ቀለሙን ይዞ ይዘቅጣል፤ በሁለተኛው ይጠራል፤ በሦስተኛው በሸምበቆ መካከል ያልፋል። በላቦራቶሪዬ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የቀረው መቆፈርና መገንባት ነበር። አሁን በአንተ አንድ አንቀጽ ቆሟል።

የአሥራ ስምንቱን ናሙናዎች ሙሉ ሠንጠረዥ ከነቀኑ እንድትልክልኝ፣ ጉድለት ያልከውንም ምን እንደሆነ እንድትጽፍልኝ እፈልጋለሁ። ስልክ አልደወልኩልህም፤ በስልክ የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም። ይህን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ዋናው እኔ ዘንድ ነው። አንተም በጽሑፍ መልስ።

አጎትህ ገነነ ጋሮ


አርነም፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2025

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ ገነነ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎት። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆቹ ሁላችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በእናንተ ጸሎትና በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነኝ። ብርዱ ገና ነው። የእናቴ ጤና እንዴት ነው? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? የእርስዎስ የደም ግፊት? እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ «የአካባቢው ረዳት» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው፤ በሳይንስ ጽሑፍ የናሙና ሰብሳቢ ስም አይጠቀስም። በፍጹም እርስዎን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ለእኔ መምህሬ ነዎት።

ስድስቱ የወጡበት ምክንያት ከሌሎቹ ጋር ስላልተስማሙ ነው። አሥራ ስምንቱ እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ። ስድስቱ የተቀዱት በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ የዝናቡ ጎርፍ ቆሻሻ ጠርጎ አስገብቶ ይሆናል የሚል ግምትም አለ። ሠንጠረዡን አያይዣለሁ። እንደሚያዩት ረዳቴ ሰሊሆም በስድስት የተለያዩ ቀናት በጥንቃቄ ነው የሰበሰበው። ሸማኔዎች በሰንበት እንደማይሠሩ እኔም የጨንቻ ልጅ ነኝና አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሁድን ሆን ብለን ዘለናል። አንድም እሁድ የለበትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለፋይሌ እንዲሆነኝ «ናሙናዎቹ ሲደርሱ ሙቀታቸው ከተፈቀደው በላይ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ቢፈርሙልኝ ነገሩ ሁሉ በሰላም ይዘጋል። ለእርስዎ ምንም ጉዳት የለውም።

ሁላችሁንም እቅፍ አድርጌ ስሜያለሁ።

ልጅዎ ጌዲዮን


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጌዲዮን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላምታህ ከመልስህ ይረዝማል፤ ቢሆንም ተቀብያለሁ። የደም ግፊቴ ደኅና ነበር።

ፊርማ አልሰጥህም። ሦስቱ እንደሞቁ መዝገቡ ላይ ፈርሜ ጽፌያለሁ። ስድስቱ ሞቁ ብዬ ብፈርም ግን ሐሰት ነው፤ አንተም ሐሰት መሆኑን እያወቅክ ነው የጠየቅከኝ። «ምንም ጉዳት የለውም» ስትል ለማን እንደሆነ ብትጽፍ ጥሩ ነበር። እናትህ ከዚያ ወንዝ ትጠጣለች።

ዝናብ ያልከው ደግሞ አስቆኛል። ዝናብ አፈር ያመጣል፤ ዝናብ ጨው አያዘንብም። ጎርፍ ሲጨመር ጨው ይቀጥናል እንጂ አይወፍርም። ከማቅለሚያው በታች የቀዳኋቸው በዝናብ ተበርዘው እንኳ ከአንተ ናሙናዎች ስድስት እጥፍ ጨው አላቸው። በበጋ ቢቀዱ ኖሮ ምን ሊሉ ነው? ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢጽፍልኝ ወረቀቱን መልሼ እሰጠው ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሠንጠረዥህን አየሁት። ከማቅለሚያው በላይ የተቀዳውና ከማቅለሚያው በታች የተቀዳው ውሃ በስድስቱም ጉዞ ልዩነት የለውም። ሠላሳ ስምንት ሸማኔ ክሩን ነክሮ፣ አጥቦ፣ ውሃውን የሚደፋበት ወንዝ ከምንጩ እኩል የጠራ ሆኖ ሲገኝ ወይ ተአምር ነው ወይ ስህተት ነው። ተአምር የእኔ ክፍል አይደለም። አንተ ይህን ሠንጠረዥ ስታይ አልገረመህም? ወይስ የገረመህ የእኔ ስድስቱ ብቻ ናቸው?

ስህተቱ የት እንደሆነ ገና አላውቅም። እንዳለ ግን አውቃለሁ። አገኘዋለሁ። መለኪያዬን ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት እወጣለሁ።

እናትህ «ጌዲዮን ድሮ በየበዓሉ ይደውል ነበር፤ አሁን ምን ነካው?» ብላኛለች። እንዳለችው ጻፍኩልህ።

አጎትህ ገነነ


አርነም፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2025

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እኔ ደኅና ነኝ።

ፊርማውን ይተዉት። እንዳስቸገርኩዎ ገብቶኛል። ጽሑፉ ታትሞ ወጥቷልና አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ሥርዓቱ ረጅም ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እባክዎ በቀጥታ ለፕሮፌሰሬ እንዳይጽፉ። አድራሻው ጽሑፉ ላይ ስላለ ሊጽፉ ይችላሉ ብዬ ሰግቼ ነው። ሰውየው ነገሩን በሌላ መልኩ ሊረዳው ይችላል። ታኅሣሥ ላይ አንዳንድ ጉዳይ አለብኝ። ከዚያ በኋላ ረጋ ብለን እንነጋገራለን።

ለእናቴ እደውላለሁ ይበሉልኝ።

ጌዲዮን


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጌዲዮን፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እኔ በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ ጨንቻ ወጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ጥቅምት 21 ነበር። ዓርብ። መኪና ያገኘሁት በዚያ ቀን ስለሆነ ነው እንጂ መርጬው አይደለም። እናትህ ቤት ብደርስ በሩ ተዘግቷል። ወደ ወንዙ ብወርድ የመንደሩ ሴት በሙሉ ተሰልፋለች። ቢጫ ጄሪካን ከዚህ እስከዚያ። እናትህ መሐል ቆማ ትስቃለች። የተባባልነው በጋሞኛ ነው፤ እንዳለችኝ ገልብጬ እጽፍልሃለሁ።

«ወርቂቱ፣ ሠርግ አለ እንዴ? ይህ ሁሉ ውሃ ምን ሊሆን ነው?» አልኳት።

«ዛሬ ማርያም አይደለም? ለሳምንት እንሞላለን።»

«ለምን በማርያም?»

ዞራ አየችኝ። እንደ ሕፃን ነው ያየችኝ። «እነ አበጋዝ በማርያም ክር አይነክሩማ! ወንዙ የሚጠራው በሰንበትና በበዓል ነው። በ12 የሚካኤልን ውሃ እንቀዳለን፣ በ21 የማርያምን፣ በ27 የመድኃኔ ዓለምን። በመካከሉ ያለውን ከብት እንኳ አፉን ነክሮ ይተወዋል።»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አልጠየቅከኝማ። አንተ ዲግሪ አለህ፣ እኔ ጄሪካን አለኝ። ማን ማንን ይጠይቅ?»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ውሃ ስለካ ኖሬ፣ የሚካኤል ውሃ የሚባል ነገር መኖሩን በእህቴ አፍ ሰማሁ። የጨው መለኪያዬን ነከርኩ፤ 96 አለ። በ25 ተመልሼ መጣሁ፤ ማክሰኞ፣ ተራ ቀን። ወንዙ ጭስ የገባበት ሰማያዊ መስሎ ይወርዳል፤ 612 አለ። በ27፣ መድኃኔ ዓለም፤ 101። በአንድ ቦታ፣ በአንድ መሣሪያ፣ ዝናብ በሌለበት ሳምንት።

ቤቴ ገብቼ ሠንጠረዥህን ዘረጋሁ። ቀኖችህ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። አንድ በአንድ ወደ እኛ መለስኳቸው። ኖቬምበር 21 ያልከው ኅዳር 12 ነው፤ ሚካኤል። ኖቬምበር 30 ኅዳር 21 ነው፤ ጽዮን። ዲሴምበር 28 ታኅሣሥ 19፤ ገብርኤል። ጃንዋሪ 29 ጥር 21፤ አስተርእዮ ማርያም። ፌብሩዋሪ 28 የካቲት 21። ኤፕሪል 5 መጋቢት 27፤ መድኃኔ ዓለም። አንድም እሁድ የለበትም፤ ልክ ነህ። አንድም የሥራ ቀንም የለበትም። ባንተ ካላንደር ሐሙስ ነው፤ ጨንቻ ላይ ሚካኤል ነው።

እንዴት እንዲህ ሊገጥም ቻለ ብዬ የማቅለሚያውን ኃላፊ አበጋዝን ጠየቅኩት። ታውቀዋለህ፤ እጁ ከክርኑ በታች ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰማያዊ አንድም ቀይ ነው። «እነ ሰሊሆምን ለምን በበዓል ቀን ወሰድካቸው?» ብለው እሱ ተቆጣኝ።

«ታዲያ በሥራ ቀን እንግዳ ልቀበል? ልጁ ደውሎ ‹መቼ ይመችዎታል?› አለኝ። የሚመቸኝን ነገርኩት። ከሥራ ነፃ ሆኜ ተቀብዬ፣ ወንዙን ይዣቸው ዞሬ፣ ቆጮ በዳጣ አብልቼ ሸኘኋቸው። ጥፋት ነው?»

ጥፋት አይደለም። እንግዳ ማክበር ነው። ሰሊሆም ያደገው ፕሮቴስታንት ቤት ነው፤ 12 እና 21 ለእሱ ቁጥር ናቸው። እሱን አልወቅስም። አንተን ግን እናትህ ጥር 21 ቀን አዝላህ ማርያም ትወስድህ ነበር። ጥር 21ን ጃንዋሪ 29 ብለህ ስትጽፍ እጅህ አልቆመም?

ለፕሮፌሰርህ እስካሁን አልጻፍኩም። ስለለመንከኝ አይደለም፤ መጀመሪያ ከአንተ መስማት ስላለብኝ ነው። በታኅሣሥ ያለብህን «አንዳንድ ጉዳይ» በስሙ ጥራው። አንድ ሰው የሚፈራውን በስሙ ሳይጠራ ሲለምነኝ መልስ መስጠት አልችልም።

አጎትህ ገነነ


አርነም፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቀኑን በእኛ ጻፍኩት። ከዚህ ቤት ስወጣ ቀኑ ሌላ ነው፤ ለእርስዎ ግን ይህን ነው መጻፍ ያለብኝ።

እጅህ አልቆመም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልቆመም። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ቀኑን በዚያ መልክ ካልሆነ አይቀበልም፤ ሰሊሆምም በዚያ መልክ ላከልኝ፤ እኔም ወደ ኋላ አልመለስኩትም። የበዓሉን ነገር ከእርስዎ ደብዳቤ በፊት አላወቅኩም። ይህ እውነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን አለማወቅ አይደለም።

የእርስዎ ቁጥሮች በግንቦት መጨረሻ ደረሱኝ። ጽሑፉ በአሥራ ስምንቱ ላይ ተመሥርቶ ሊላክ ተዘጋጅቶ ነበር። ፕሮፌሰሬ «እነዚህ ስድስቱ ለምን ይለያሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማለት የነበረብኝ «አላውቅም፤ ይጣራ» ነው። ማጣራት ግን ሌላ አንድ ዓመት ማለት ነበር፤ የነፃ ትምህርቱ ዕድል ደግሞ በዚህ ታኅሣሥ ያልቃል። ስለዚህ መዝገብዎን ገልጬ የበረዶዋን መስመር አገኘሁ። «ሰብሳቢው በረዶ በደንብ አልያዘም» አልኩት። ስድስቱንም። የሰብሳቢውን ስም አልጠየቀኝም፤ እኔም አጎቴ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ውሃ ያውቃል አላልኩትም። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

እናቴ የጠየቀችው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በበዓል ስደውልላት ከጀርባዋ ሁልጊዜ የውሃና የጄሪካን ድምፅ እሰማ ነበር። አንድም ቀን «ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ስለዚያው ወንዝ አራት ዓመት ሳጠና! ማጠቃለያውን ለኮሚቴው ከላክኩ በኋላ መደወል አቆምኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም።

የታኅሣሡ ጉዳይ ይህ ነው፦ ታኅሣሥ 7 የመመረቂያ ጽሑፌን በጉባኤ ፊት አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ይህ ከወጣ ጉባኤው ሊሰረዝ ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ ይታገሱኝ። ስምዎን አስጠራለሁ፤ ጽሑፉን አስተካክላለሁ፤ ማልልኝ ካሉኝም እምላለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም።

በደብዳቤ ብቻ እንደማይሆን ስለገባኝ ለአቶ አበጋዝ ደውዬ ሽማግሌ እንዲልክልኝ ለምኜዋለሁ። እባክዎ በር አይዝጉባቸው።

ጌዲዮን


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ጌዲዮን፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ሽማግሌዎቹ ትናንት ጠዋት መጡ። አራት ናቸው፣ አበጋዝ ከፊት። ከጨንቻ በሚኒባስ ሲወርዱ እርጥቡ ሣር ሙቀቱ እንዳያጠወልግባቸው በፌስታል ከትተው ውሃ ረጭተውበታል። በራፌ ላይ ሣሩን ይዘው ተንበረከኩ። ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ ያያል።

«ሣሩን የረጫችሁት ከየትኛው ውሃ ነው?» አልኩ።

አበጋዝ ቀና ሳይል፣ «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አይዞህ» አለኝ።

ሳቅኩ። ቁጣዬን ለማንም ሳላስነካ አንድ ወር ሙሉ ይዤው ነበር፤ እዚያው በራፌ ላይ ከእጄ ወደቀ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ሳያነሳ የሚገባ ጋሞ የለም። አንድ በአንድ ይዤ አነሳኋቸው፤ ሣሩንም ተቀበልኩ። ስለዚህ እወቀው፦ ቂም የለኝም። ዳግመኛ በዚህ ነገር አልሰድብህም።

ሣሩ ቂሜን አስጥሎኛል። ስሌቱን ግን አላስጣለኝም። ሽማግሌዎቹም ይህን ነው ያሉት። አበጋዝ ከተቀመጠ በኋላ «እኛ የመጣነው እንድትምረው ነው፤ ውሃውን እንድትምርልን አይደለም» አለ። የሸማኔዎቹ ማኅበር ኮሚቴውን ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ገንዳ በዶማ መቆፈር ጀምሯል። ወንዙን ያበላሹት ሰዎች «አበላሽተናል» ብለው ሲቆፍሩ፣ አንተ «አልተበላሸም» ብለህ ጽፈህ ትተኛለህ?

አንድ ወር ታገሰኝ ላልከው መልሴ አይሆንም ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየው ኅዳር 25 ነው። ታኅሣሥ 7 ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቀን ካለፈ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገንዳ ለከርሞ ነው፤ የከርሞውን ውሃ የምትጠጣው ደግሞ እናትህ ነች። ይህን ላንተ ስል ልሰጥህ አልችልም፤ የእኔ አይደለምና።

ግን ደግሞ ሳይገባህ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ልንገርህ። አንተ ይህ ከወጣ እወድቃለሁ ብለህ ፈርተሃል። ቁጥሮቹን እንደ አጎትህ ሳይሆን እንደ መርማሪ ተመልከታቸው። ከሃያ አራቱ ናሙናዎች አንድም የሚጣል የለም። አሥራ ስምንቱ ልክ ናቸው፤ ስድስቱም ልክ ናቸው። ወንዙ በቀን መቁጠሪያ ይቆሽሻል፣ በቀን መቁጠሪያ ይጠራል። ማቅለሚያው ሲቆም ወንዙ በአንድ ቀን እንደሚያገግም የአንተ አሥራ ስምንት ናሙናዎች ናቸው የሚያረጋግጡት፤ ገንዳዎቹ እንደሚያዋጡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔ የለኝም። ጉባኤው ፊት ይዘህ የምትቆመው ይህን ነው። ከኅዳር 1 እስከ 13 በየቀኑ የለካነውን አያይዣለሁ፤ እናትህ መለኪያውን መያዝ ተምራ ስምንቱን ቀን የለካችው እሷ ነች። በእሁዱና በ12 ላይ እንዴት ገደል እንደሚገባ ራስህ ተመልከት። ይህ ሥራ ያስመርቃል። ያኛው የሚያስመርቀው እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው።

የተጻፈው በዚህ ይተካ። ቃል በቃል፦

«የተሰበሰቡት 24 ናሙናዎች በሙሉ በትንተናው ውስጥ ገብተዋል። አሥራ ስምንቱ የተቀዱት ማቅለሚያው ሥራ በሚያቆምባቸው የበዓል ቀናት፣ ስድስቱ በሥራ ቀናት ነው። በሥራ ቀን ከማቅለሚያው በታች ያለው የዶምባ ወንዝ ውሃ የተበከለ ነው። የሥራ ቀን ናሙናዎችን የሰበሰበው ገነነ ጋሮ፣ ውሃው በበዓል እንደሚጠራ ያስረዳችው ወርቂቱ ጋሮ ናት።»

የእናትህን ስም ያስገባሁት ላስደስታት አይደለም። ያገኘችው እሷ ስለሆነች ነው።

ለፕሮፌሰርህ የምትጽፈው አንተ ነህ፤ እኔ አልጽፍም። ለፕሮፌሰርህና ለኮሚቴው የላክኸውን እርማት ቅጂ፣ ሠንጠረዡን በሁለቱም ቀን አቆጣጠር፣ ለእኔ ደግሞ የተፈረመ መልስህን እስከ እሁድ ኅዳር 21 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ። በጽሑፍ። በስልክ አይደለም፤ በሽማግሌም አይደለም።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ጽዮን ነው፤ ሸማኔው ሁሉ እጁን ታጥቦ ሸንጎ ሜዳው ዱቡሻ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ሜዳ ላይ ሐሰት እንደማይነገር ታውቃለህ። እናትህ ጄሪካኗን ሞልታ ትመጣለች። መልስህ ከደረሰኝ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ካልደረሰኝ ባዶውን ወረቀት ይዤ እዚያው እቆማለሁ፤ እሷም ምን እንደሚል ትጠይቀኛለች።

አጎትህ ገነነ ጋሮ